የኒው ኦርደርን ለውጥ በትክክል የሚያሳየው የትኛው ስብስብ ነው?

ሸክላ ወዳድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ማንችስተሩ ባንድ ስለ ኒው ኦርደር አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤያለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። እንደሚታወቀው የኒው ኦርደር መነሻ የሆነው ባንድ የጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ በግንቦት 1980 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሊጓዝ ዋዜማ ላይ ሳለ ራሱን አጠፋ። የቀሩት ሦስቱ፣ በርናርድ ሰምነር፣ ፒተር ሁክ እና ስቲቨን ሞሪስ፣ የቀድሞውን ስም ትተው ኒው ኦርደር በሚል አዲስ ስም ቀጠሉ፤ ጂሊያን ጊልበርትም በዚያው ዓመት ተቀላቀለቻቸው። ከዚያ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ የሄዱት ርቀት እጅግ ያስደንቀኛል፤ ከፖስት-ፓንክ (ከፓንክ ሮክ በኋላ የመጣ የሮክ ስልት) ጭጋግ ተነሥተው በጭፈራ ቤት ሕዝብን እስከ ንጋት የሚያቆም የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ላይ ደረሱ።

ይሁን እንጂ ይህን ለውጥ በአልበሞቻቸው ላይ ስከታተለው መሃሉ ላይ ይቋረጥብኛል። በ1981 የወጣው «ሙቭመንት» ሐዘኑ ገና ያልወጣለት፣ ሰምነርና ሁክ የሟች ጓደኛቸውን ቦታ በፍርሃት እየተፈራረቁ የሚዘፍኑበት ሥራ ነው። በ1983 የወጣው «ፓወር፣ ከራፕሽን ኤንድ ላይስ» ግን ብርሃን የገባበት፣ በራሱ የሚተማመን ሌላ ባንድ ሥራ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ምን ሆነ? የ1987ቱን «ሰብስታንስ» ወይስ የ1994ቱን «ዘ ቤስት ኦፍ ኒው ኦርደር» ብይዝ ነው ይህን የማገኘው? ለመሆኑስ ዝነኛ ዘፈኖችን የሚሰበስብ አልበም የአንድን ባንድ ዕድገት ሊያስረዳ ይችላል?

የሌሊት አድማጭ

ውድ ሸክላ ወዳድ፣ የፈለጉት ነገር አልበሞቹ ላይ የሌለው ኒው ኦርደር ሆን ብሎ ከአልበሞቹ ውጭ ስላስቀመጠው ነው። ባንዱና ሥራ አስኪያጁ ሮብ ግሬተን በነጠላ የወጣን ዘፈን አልበም ላይ ደግሞ መጫን አድማጭን ለአንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ ነገር የሞከሩባቸው ዘፈኖች ሁሉ ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ሆነው ብቻቸውን ወጡ። «ሰሬመኒ»፣ «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን»፣ «ቴምፕቴሽን»፣ «ብሉ መንደይ»፣ «ኮንፊውዥን» እና «ቲቭስ ላይክ አስ» በእንግሊዝ ሲወጡ አንዳቸውም በአልበም ውስጥ አልነበሩም። ለእኔ «ሰብስታንስ» ከሌሎች ባንዶች የዝነኛ ዘፈኖች ስብስብ የሚለየው በዚህ ነው። የሌሎቹ ካለው ላይ የተቀነጨበ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ባንዱ በእነዚያ ዓመታት የሠራው ዋናው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቦታ የተገኘበት ነው።

«ሰሬመኒ» የተሠራው ከርቲስ በሕይወት ሳለ ነው። ግጥሙ በወረቀት የተጻፈ ቅጂ ስላልነበረው የቀሩት አባላት ጥራት ከሌለው የልምምድ ቅጂ ላይ ቃላቱን በጆሮ እየለቀሙ ነበር ያወጡት። «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን» ላይ፣ ከፕሮዲውሰሩ ከማርቲን ሃኔት ጋር ሊለያዩ ሲቃረቡ፣ የሲንተሳይዘሩ (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው መሣሪያ) ትርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታሩን እየመራ ሲሄድ ይሰማል። እርስዎ ያጡት መሸጋገሪያ እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው የጭፈራ ቤቶቹን ሙዚቃ በጆሯቸው ሰምተው ተመልሰዋል፤ በ1982 ደግሞ ከሙዚቃ አሳታሚያቸው ከፋክተሪ ጋር በማንችስተር «ሃሲየንዳ» የተባለውን ክለብ ከፈቱ።

ከዚያ «ብሉ መንደይ» መጣ። የዚህን ዘፈን አሠራር ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ከሙዚቀኛነት ይልቅ ወደ ሒሳብ ሠራተኛነት የቀረበ ትዕግሥት ጠይቋል። ኮምፒውተር ገና በስቱዲዮ ባልተለመደበት ዘመን ጊልበርት እያንዳንዱን ኖታ በወረቀት ላይ ጽፋ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ፣ አንድ በአንድ ወደ ሲኩዌንሰሩ (ኖታዎችን በቅደም ተከተል ይዞ በራሱ የሚያጫውት መሣሪያ) ታስገባ ነበር። ከመካከል አንዱ ኖታ ስለተዘለለ ዜማው ከድራም ማሽኑ ምት ጋር እንደ ታሰበው ሳይገጥም ቀረ። እንደዚያው ተዉት፤ ዘፈኑን በሰማን ቁጥር የምንሰማው ያ ወጣ ገባ አካሄድ ከዚያ የመጣ ነው። ሰባት ደቂቃ ተኩል የሚሆነው ይህ ዘፈን በዓለም ላይ ከወጡት ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚው እንደሆነ በሰፊው ይነገራል።

የስብስቡ መነሻ ታሪክም ለባንዱ የሚስማማ ነው። የፋክተሪ መሪ ቶኒ ዊልሰን አዲስ ጃጓር መኪና ገዝቶ ነበር፤ መኪናዋ የሲዲ ማጫወቻ ስለነበራት የኒው ኦርደርን ነጠላ ዘፈኖች በሙሉ እየነዳ ለመስማት ፈለገ። የአንድ ሰው ፍላጎት ለሁላችንም ተረፈ። ስለዚህ መልሴ ያለ ማመንታት «ሰብስታንስ» ነው።

ከበሮና ሽቦ

የሌሊት አድማጭ ያሉት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ለውጡን መከታተል እፈልጋለሁ ስላሉ አንድ ትልቅ ነገር ሊነገራቸው ይገባል። በ«ሰብስታንስ» ላይ ያሉት «ቴምፕቴሽን» እና «ኮንፊውዥን» በ1982 እና በ1983 የወጡት አይደሉም፤ ለስብስቡ ሲባል በ1987 እንደ አዲስ የተቀረጹ ናቸው። «ሰሬመኒ»ም ቢሆን ሦስቱ ብቻቸውን የቀረጹት የመጀመሪያው ሳይሆን ጊልበርት ከገባች በኋላ በድጋሚ የተቀረጸው ነው።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይመስለኝም። የ1987ቱ «ቴምፕቴሽን» የተስተካከለና ድምፁ የጠራ ነው፤ ሰምነርም በሰባት ዓመት ልምድ ያገኘውን ድምፅ ይዞ ነው የሚዘፍነው። የ1982ቱ ግን ያለ ፕሮዲውሰር ራሳቸው የሠሩት ሲሆን፣ ከበሮው ከማሽኑ ጋር እየተሻማ፣ ድምፃዊውም የራሱን ድምፅ እየፈለገ የሚሄድ ነው። በባለ 12 ኢንቹ መጀመሪያ አካባቢ ሰምነር ድንገት ሲጮኽ ይሰማል፤ ጓደኞቹ ከውጭ በረዶ ጠቅልለው አምጥተው በሸሚዙ ውስጥ ስለ ጣሉበት ነው ይባላል። ከሁለት ዓመት ሐዘን በኋላ አራት ወጣቶች በሥራቸው መካከል መጫወትና መሳቅ እንደ ጀመሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ስብስቡ ላይ ግን የለም። የተካው ቅጂ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን፣ ባንዱ የራሱን ወጣትነት በጎለመሰ እጁ ስላረመው ቅር ይለኛል። ስለዚህ «ሰብስታንስ»ን ይያዙ፣ ግን የ1982ቱን «ቴምፕቴሽን» ለብቻው ፈልገው ያዳምጡ፤ በ2008 በወጣው የ«ሙቭመንት» ልዩ ዕትም ተጨማሪ ዲስክ ላይ ይገኛል።

አራት ክር

እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስለሆንኩ ነገሩን ከዚያ በኩል ላንሣው። ስለ ሲንተሳይዘርና ስለ ድራም ማሽን ብቻ ከተነጋገርን ባንዱ ከጊታር ወደ ማሽን ተሻገረ የሚል መደምደሚያ ላይ እንደርሳለን፤ ይህ ደግሞ ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሚይዘው። ፒተር ሁክ በጆይ ዲቪዥን ዘመን የነበረው የድምፅ ማጉያ ደካማ ስለነበረና የሰምነር ጊታር ስለሚውጠው ራሱን ለመስማት ሲል በቀጫጭኑ ክሮች ላይ፣ ከአንገቱ ወደ ታችኛው ጫፍ ወርዶ መጫወት ለመደ። በዚህ ምክንያት ቤዙ ከሥር ደግፎ መያዙን ትቶ ዜማውን ራሱ የሚዘፍን መሣሪያ ሆነ።

«ሰሬመኒ»ን ከፍተው የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ብቻ ያዳምጡ፤ የሚገባው ዜማ የቤዙ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ «ዘ ፐርፌክት ኪስ» ይለፉ። ማሽኖቹ የታችኛውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ስለ ተረከቡት ሁክ ከሥር የመሙላት ግዴታ ቀርቶለት በነፃነት ከላይ ይዘፍናል። ቴክኖሎጂው የፖስት-ፓንኩን ጠባይ አላጠፋውም፤ እንዲያውም ቦታ ለቀቀለት። የስብስቡ የመጨረሻ ዘፈን የሆነው «ትሩ ፌይዝ» ላይ ስንደርስ ግን ሚዛኑ ተለውጧል። ይህን ዘፈን ለስብስቡ ሲሉ ከፕሮዲውሰሩ ከስቲቨን ሄግ ጋር የሠሩት አዲስ ሥራ ነው፤ ዜማው ድንቅ ነው፣ በእንግሊዝ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥም አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ቤዙ ግን ከሲንተሳይዘሩ ጀርባ ተገፍቶ ይሰማኛል። ሁክ በ2007 ከባንዱ መለየቱን ሳስብ ወደዚህ ዘፈን ደጋግሜ እመለሳለሁ።

ሸክላ ወዳድ (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ1994ቱን ግን ማንም አላነሣውም። ከ1987 በኋላ የመጡትን «ፋይን ታይም»ን እና «ሪግሬት»ን ስለያዘ ዕድገቱን እስከ መጨረሻው ያሳያል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የሌሊት አድማጭ

የኋለኛውን ዘመን ይዟል፤ የፊተኛውን ግን ቆርጦታል። የእንግሊዙ ዕትም ከ«ብሉ መንደይ» በፊት የወጣ አንድም ዘፈን የለውም፤ «ብሉ መንደይ»ንም ያስገባው በ1988 በሪሚክስ በወጣው መልኩ ነው። «ትሩ ፌይዝ» እና «ቢዛር ላቭ ትራያንግል»ም ለዚያ ዘመን ጆሮ እንዲስማሙ እንደ አዲስ ተቀናብረዋል። ፋክተሪ በ1992 ከስሮ ባንዱ ወደ ለንደን ሬከርድስ ከዞረ በኋላ፣ አባላቱም ተራርቀው በነበረበት ጊዜ የወጣ ስብስብ ነው። ለመኪና ጉዞ መልካም ነው፤ እርስዎ ለጠየቁት ጥያቄ ግን አይመልስም። የ1987 በኋላውን ዘመን ከፈለጉ በ1989 የወጣውን «ቴክኒክ»ን እንደ ሙሉ አልበም ይስሙት፤ በዚያን ጊዜ አልበሞቹና ነጠላ ዘፈኖቹ መንገዳቸው አንድ ሆኗልና ስብስብ አያስፈልግዎትም።

ከበሮና ሽቦ

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ለመግዛት ካሰቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመጀመሪያው የ«ሰብስታንስ» ሸክላ 12ቱን ዋና ዘፈኖች ብቻ ሲይዝ፣ ሲዲው ግን በነጠላ ሸክላዎቹ ጀርባ (በሁለተኛው ፊት) የነበሩትን ዘፈኖች የያዘ ሁለተኛ ዲስክ አለው። በሲዲው ላይ «ዘ ፐርፌክት ኪስ» ቦታ ስላነሰ ከመጨረሻው ትንሽ ተቆርጧል፤ ሆኖም «ሎንሰም ቱናይት»ን እና «ፕሮሴሽን»ን የሚያገኙት በዚያ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ነው። «ፕሮሴሽን» በ1981 ራሱን ችሎ የወጣ ዘፈን ሲሆን «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን» መጀመሪያ የታየው በእርሱ ጀርባ ነው፤ ሁለቱን አከታትለው ቢሰሟቸው የጠየቁት መሸጋገሪያ በአንድ ሸክላ ሁለት ፊት ላይ እንደ ነበረ ያስተውላሉ። በ2023 እንደገና ከታተሙት ቅጂዎች ባለ አራት ዲስኩን ካገኙ ደግሞ፣ ባንዱ በመስከረም 1987 በካሊፎርኒያ መድረክ ላይ የስብስቡን ዘፈኖች በቅደም ተከተላቸው የተጫወተበት ኮንሰርት አለበት፤ «ሰሬመኒ»ን እና «ትሩ ፌይዝ»ን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ድምፅና በአንድ ቤዝ ይሰሟቸዋል።