ክርክር፦ የቧንቧ ዕቃ በውፍረት ይገዛ ወይስ ቀዳዳው ይፈተሽ?

የቧንቧ ሠራተኛው፦ ሰላም የአዳማ ልጆች። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የሻወርና የቧንቧ ዕቃ ሲገዛ የሽፋኑ ውፍረት ብቻ ይጠየቅ ወይስ የጨው ርጭት ፈተናም (ጨዋማ ውኃ እየተረጨበት ይዝግ እንደሆነ የሚታይበት) ማለፍ አለበት? ትናንት ዓመት ያልሞላው ወርቃማ የሻወር እጀታ ፈታሁ። ውስጡ ብረት ነው። ላዩ እንደ መስታወት ያበራል። አንገቱ ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የምታክል ቡናማ ነጥብ አለች። በጥፍሬ ጫር ሳደርጋት ቅርፊቱ ተነሳ፤ ከሥሩ ዝገት ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ምንም አልሆነ። ለምን እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ?

ዕቃ ሻጩ፦ ወንድሜ፣ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ነዋ። ወፍራም ይጠየቅ፣ አለቀ። ፈተና ሲጨመር ዋጋው ይንራል።

ሽፋን ላይ የምትሠራዋ፦ ስስ ቢሆን ብቻ ኖሮ ሁሉም ቦታ ይዝግ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ይሄ ወርቃማ ቀለም ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ቲታኒየሙ ይተናል፣ ከናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ ዕቃው ላይ ያርፋል። ውፍረቱ ቢበዛ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አስቡት እንግዲህ። አንዲት የ5 ማይክሮን አቧራ ከሽፋኑ ትበልጣለች።

ምጣዱ በደንብ ሳይታሰስ ሊጥ ሲፈስበት እንጀራው እዚያች ቦታ ላይ ይይዛል፣ ሲነሳም ይቀደዳል። እዚህም እንደዚያው ነው። አቧራዋ ላይ ሽፋኑ እንደ ኩይሳ ያብጣል። ጉብታው ከዙሪያው ጋር በደንብ አይያያዝም። ሲነካ ይረግፋል፣ ጉድጓድ ይቀራል። ከመሸፈኛ ማሽኑ ግድግዳ ረግፎ ዕቃው ላይ የሚያርፍ ቅርፊትም ያው ነው።

የቧንቧ ሠራተኛው፦ ቀዳዳዋ እኮ ትንሽ ናት። ይህን ያህል?

ሽፋን ላይ የምትሠራዋ፦ ክፋቱ ትንሽ መሆኗ ላይ ነው። ሽፋኑ ራሱ አይዝግም። ውኃ ሲገባ ግን ሰፊው ሽፋንና በቀዳዳዋ የተጋለጠችው ብረት እንደ ባትሪ ይሆናሉ። የሚበላው ብረቱ ነው፣ ያውም በዚያች ነጥብ ብቻ። ስለዚህ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። የቤታችን ቆርቆሮ ተቃራኒው ነው። የተለበጠበት ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ለዚህ ነው ቆርቆሮ ትንሽ ቢጫርም ወዲያው የማይዝገው።

አንዲት እናት፦ እኛ ቤት በየቀኑ በበረኪና ነው የሚታጠበው። ይጎዳዋል?

ሽፋን ላይ የምትሠራዋ፦ አዎ እህቴ። ክሎራይድ፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ነገር፣ አለበት፤ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ዝገቱን ያፋጥናል። ከተጠቀምሽ ወዲያው በንጹህ ውኃ አለቅልቂው።

ዕቃ ሻጩ፦ እሺ፣ ግን ጨው ርጭት 5 በመቶ ጨው በ35 ዲግሪ ነው። የአዳማ ውኃ እንደዚያ አይደለም። ለምን በማይመለከተን ነገር እንፈተናለን?

ሽፋን ላይ የምትሠራዋ፦ ይሄ ትክክል ነው። ፈተናው ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይነግርም። ቀዳዳ ያለበትን ግን ያጋልጣል። ውፍረት ጥቂት ቀዳዳ ይደፍናል፣ አልክድም። ጉብታው ግን ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር አብሮ ያድጋል። መፍትሔው ዕቃውን በደንብ ማጠብ፣ ማሽኑን ማጽዳት፣ ከሥር ሌላ ንብርብር ማድረግ ነው። ይህን የሚሠራ አምራች ፈተና አይፈራም። በሕዝብ ገንዘብ ስንገዛ አብረቅራቂውን ሳይሆን የተፈተነውን እንጠይቅ።

ዕቃ ሻጩ፦ ከየጭነቱ ጥቂት ናሙና ብቻ ከተፈተነ እስማማለሁ። ሁሉም ይፈተን ካላችሁ ግን እኔ የለሁበትም።

የቧንቧ ሠራተኛው፦ ናሙና ይበቃል። እኔ ሁለተኛውን እጀታ ዛሬ ጠዋት ጨው ውኃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ነጥቦቹን ቆጥሬ ዓርብ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።