ማጓየር ይፈርም ወይስ ይሸኝ?

(ኦክቶበር 20 ቀን 2025፣ ማንቸስተር ዩናይትድ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን ባሸነፈ ማግስት የተደረገ ክርክር)

የጠባሴው፦ የማንቼ ሰዎች፣ ዛሬ ስሜቱን ትተን እናውራ። የተከላካያችን የማጓየር ውል በዚህ ሲዝን መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ 2026፣ ያልቃል። ይጨመርለት ወይስ ይሸኝ? ትናንት አንፊልድ ላይ በ84ኛው ደቂቃ ስላገባ ሁሉም ሰው ይፈርም ይፈርም እያለ ነው፣ እኔ ግን በአንድ ቴስታ ውል አይፈረምም ባይ ነኝ።

የደብረ ሲናው፦ በአንድ ቴስታ? አንፊልድ ላይ ስናሸንፍ እኮ ከጃንዋሪ 2016 ወዲህ የመጀመሪያችን ነው! ደሞ የዩሮፓ ሊጉን የሊዮን ጨዋታ ረሳኸው እንዴ? አምና ጸሎተ ሐሙስ ማታ ነበር፣ ስግደት የዋለ ጉልበታችንን ይዘን (እግዜር ይቅር ይበለን) ኳስ ቤት ገባን፣ 4 ለ 2 እየተመራን ግማሹ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። አሰልጣኙ አሞሪም ማጓየርን አጥቂ አድርጎ ላከው፣ 120 ደቂቃ አልቆ በጭማሪው በቴስታ አገባት፣ 5 ለ 4። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሲዘል ሻዩን ጋቢዬ ላይ ደፋው፣ ነጠብጣቡ አሁንም አለ፣ አላጥበውም።

የጠባሴው፦ ያ አጥቂነቱ ነዋ ወንድሜ፣ ደሞዝ የሚከፈለው ግን ሊከላከል ነው። ፈጣን ልጅ ከጀርባው ሲገባ አይተኸዋል? ጣርማ በር ጠመዝማዛ ላይ የሚዞር ተሳቢ ነው የሚመስለው፣ እሱ ዞሮ እስኪጨርስ ልጁ ሸዋ ሮቢት ደርሷል። አምና 15ኛ የወጣነው፣ ቢልባኦ ላይም የዩሮፓ ሊግ ዋንጫውን ለቶተንሃም የሰጠነው እሱ እያለ ነው።

የሸዋ ሮቢቷ፦ ኪኪኪ ተሳቢዋ ተመችታኛለች። ግን እናንተ አሁንም የምትከራከሩት ስለ 80 ሚሊዮን ፓውንዱ ሰውዬ ነው። በ2019 ከሌስተር ሲመጣ ለተከላካይ የዓለም ሪከርድ ነበር፣ ያ ብር ወጥቷል አልቋል። በ2023 ዌስትሃም 30 ሚሊዮን ይዞ መጥቶ ክለቡም እሺ ብሎ ነበር፣ ሳይሳካ ቀረ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ራሱ ክለቡ ውሉ ላይ የነበረችውን የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አማራጭ ተጠቀመ። አሁን ቢሄድ በነጻ ነው። ጥያቄው ለተጠባባቂ ስቶፐር ስንት ይከፈል ነው፣ በቃ።

የመሀል ሜዳው፦ ልጄ እውነትሽን ነው። እኔ እንኳን አርሰናል ነኝ፣ አያገባኝም። ግን እኛ መንዝ ገበያ በግ ላቱ ተጨብጦ ወገቡ ተዳብሶ ነው ዋጋ የሚቆረጠው፣ አምና በስንት ተገዛ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የጠባሴው፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ እሺ እንጨብጠዋ! በማርች 33 ይሞላዋል። ወጣቶቹ ተከላካዮች ዮሮና ሄቨን ሁለቱም 19 ዓመታቸው ነው፣ መቼ ሊጫወቱ ነው?

የደብረ ሲናው፦ አሞሪም በሦስት ተከላካይ እኮ ነው የሚጫወተው፣ ሦስት ቋሚ ካለህ ቢያንስ ሌላ ሦስት ያስፈልግሃል። ተከላካዩ ሊሳንድሮ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በጉልበት ጉዳት የለም። ጆኒ ኢቫንስ በ2023 በ35 ዓመቱ ለአጭር ጊዜ ተብሎ መጥቶ ሁሉም ሲጎዳ ያ ሽማግሌ አይደል እንዴ የተሰለፈው? የቀድሞው አሰልጣኝ ቴን ሃግ አምበልነቱን ሲቀማው ማጓየር አኩርፎ ቁጭ አላለም፣ በዛው ዓመት ኖቬምበር ላይ የፕሪምየር ሊጉ የወሩ ምርጥ ተባለ። ቤንች ላይ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ደሞዙ በግማሽ ይቀነስና ይፈርም፣ እምቢ ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

የሸዋ ሮቢቷ፦ ለምን ብሎ እሺ ይላል? ክለቡ የሚጠይቀው ዋጋ ከሌለ ሌላው ክለብ ያንን ብር ለራሱ ለተጫዋቹ በፊርማና በደሞዝ ይሰጠዋል። እሱ ነው የሚመርጠው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

የጠባሴው፦ እንግዲያ ይሂዳ! እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።

የደብረ ሲናው፦ ከሄደ በኋላ ሁለት ሰው ሲጎዳ ማን እንደሚያለቅስ እናያለን።