ከአዳማ እስከ ሳነቴ፦ ለመጀመሪያው የማኅበራችን ረጅም የሞተር ጉዞ የጋራ ረቂቅ

አስተባባሪ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በሐሳብ ደረጃ የተስማማንበት የባሌ ጉዞ ለጠቅላላ ጉባኤው ከመቅረቡ በፊት ጽሑፉን በጋራ እንድናዘጋጀው የመጀመሪያውን ረቂቅ አቀርባለሁ። ከአዳማ ተነስቶ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ በኩል ሮቤ ለመድረስ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ጎባ ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዘጠኝ ሞተር ሆነን በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ወጥተን፣ በአራት ቀን ደርሰን እንድንመለስ፣ በመካከሉም ዲንሾን፣ የሳነቴን አምባና ሶፍ ዑመርን እንድናይ አስቤአለሁ። ጥርን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። የባሌ ተራሮች ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የጠጠሩ መንገድ የሚደርቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥም ደረቅ ቢሆኑ በአርሲ የስንዴ አጨዳ ጊዜ በመሆናቸው አስፋልቱን ኮምባይነርና እህል የጫነ ትራክተር ይሞላዋል። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የቴክኒክ ኃላፊ፦

ወሩን እደግፋለሁ፤ አራት ቀን ግን አይበቃም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን በሳነቴ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የብዙዎቻችን ሞተር ካርቡሬተር ያለው ባለ 150 ሲሲ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል። በመሆኑም ወደ አምባው ሰው ደርቦ የሚወጣ አይኖርም፤ ሻንጣውም ጎባ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ሞተር ንጹሕ የአየር ማጣሪያና ትርፍ ካንዴላ ይኖረዋል።

ሌላው ጎማ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻዬን ወደ ዶዶላ ስሄድ አሳሳን አለፍ እንዳልኩ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፍ ካላማዳሪያ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጎማውን ከቸርኬው የማላቅቅበትን ብረት ግን ቤት ረስቼው ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ በመንገዱ ዳር ቆሜ፣ በመጨረሻ አንድ ገበሬ ሞተሩን በጋሪው ጭኖ ጎሚስታ ቤት አደረሰኝ። ስለዚህ መሣሪያው ለቡድኑ በሙሉ በአንድ ዝርዝር ተጽፎ፣ ከመነሳታችን በፊት እየተጠራ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንዲታይ አሳስባለሁ። ካቴናም እንዲሁ፤ ጭነት ሲበዛ ቶሎ ስለሚረግብ በየማታው መሐሉን በጣት ገፋ አድርጎ መፈተሽ ይገባል፤ ከሁለት ጣት ስፋት በላይ ከተንቀሳቀሰ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

አንዲት አባል፦

ከቢሾፍቱ አልፈው ነድተው ከማያውቁት አምስት አባላት አንዷ ስለሆንኩ፣ ረቂቁን ያነበብኩት በእኛ ዐይን ነው። ለልምምድ ባለፈው ወር በማለዳ ወጥቼ ኢተያ ደርሼ ነበር። የአዋሽን ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን እንደ ጀመርኩ ቅዝቃዜው በስሱ ጓንቴ ውስጥ ገባ፤ ኢተያ ስገባ ጣቶቼ ከመደንዘዛቸው የተነሣ የፊት ፍሬኑን መያዜን የማውቀው በዐይኔ አይቼ ነበር። ያ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነው። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ቦታ እየታጠፍን እንጎብኝ ማለት፣ በደነዘዘ እጅና በደከመ ዐይን እየነዳን ሁሉንም በሩጫ እንለፍ ማለት ይሆናል።

የምጠይቀው ከዋናው መንገድ ወጥተን የምናየው ነገር በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት እንዲታሰብ ነው። ዲንሾ መንገዳችን ላይ ነው ብለን አንድ ሰዓት ብቻ ብንሰጠው፣ የጋይሳይን ሜዳ የደጋ አጋዘኖች ሳናይ ሞተር አጥፍተን ሞተር ማስነሳት ብቻ ይሆናል። ጉዞው ስድስት ቀን ይሁን፤ ከቦታዎቹም አንዱ ይቅር። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም የሚነዳ አይኑር።

አንድ አንጋፋ አባል፦

ልጄ ትክክል ብለሻል። እኔ የሮቤ ልጅ ነኝና የሚቀረው የትኛው እንደሆነ ልናገር፤ ሶፍ ዑመር ነው። ይህን የምለው ቦታው አንሶብኝ ሳይሆን ስለማከብረው ነው። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ፈልፍሎ በውስጡ የሚያልፍበት ዋሻ፣ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራና ምእመናን ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ጫማውን ለማውለቅም፣ አባቶችን ሰላም ለማለትም፣ ጨለማውን ዐይኑ እስኪለምደው ድረስ ለመቆምም ጊዜ ያስፈልገዋል። የራሱ ጉዞ ይዘጋጅለት፤ ለዚያ እኔ ራሴ መሪ እሆናለሁ።

ሳነቴን በተመለከተ አንድ አደራ አለኝ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ቀርቷል፤ ከቀሩት መካከል አብዛኞቹ የሚኖሩትም በባሌ ነው። መንገዱ የሚያልፈው በቤታቸው መሐል ነው፤ በመኪና ተገጭተው የሞቱም አሉ። አንድ ጠዋት ሞተሬን አጥፍቼ ጅብራዎቹ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት ቀበሮ ፍልፈል በአፏ ይዛ ከእኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ መንገዱን ተሻገረች፤ መሐል ላይ ቆም ብላ አይታኝ መንገዷን ቀጠለች። በፍጥነት እየነዳሁ ቢሆን ኖሮ ወይ አላያትም፣ ወይ እገጫት ነበር። በአምባው ላይ ፍጥነታችን ከ30 እንዳይበልጥ፣ ጡሩምባም እንዳይነፋ በጽሑፉ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦

ነዳጅና መኝታ እያንዳንዱ ይከፍላል፤ የፓርኩ መግቢያ፣ የአስጎብኚው አበልና የጋራ መለዋወጫው ከማኅበሩ ሣጥን ይውጣ። በሳነቴ ላይ ማደያ ስለሌለ ታንከሩ ጎባ ላይ ሞልቶ እንዲወጣ ይጻፍ።

አስተባባሪ፦

ጋሼ፣ ሶፍ ዑመርን ማውጣት ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያትዎን ካነበብኩ በኋላ ግን ተቀብያለሁ። በሁላችሁም አስተያየት የተስተካከለው ረቂቅ የሚከተለው ነው።

ጉዞው ስድስት ቀን ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነስተን፣ አሰላ ላይ ቁርስ በልተን፣ የጭላሎን ተራራ በግራችን እያየን በበቆጂ በኩል ዶዶላ እናድራለን። ሁለተኛው ቀን ከዶዶላ በአዳባ በኩል እስከ ዲንሾ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ለመሄድ ይውላል። ሦስተኛው ቀን በሮቤ በኩል ጎባ መግባትና ሰውነታችን ከፍታውን እንዲለምድ ማረፍ ነው፤ በጎባ ሁለት ሌሊት እናድራለን። አራተኛውን ቀን ለሳነቴ ሰጥተነዋል፦ በሌሊቱ ውርጭ የተጋገረው በረዶ ከመንገዱ እንዲቀልጥ ከ3 ሰዓት በፊት አንወጣም፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሳይከድነን ግን እንመለሳለን። የአየሩና የመንገዱ ሁኔታ ከፈቀደ እስከ ሐረና ደን አፋፍ ደርሰን ከአስታው ሥር ምሳ እንበላለን፤ ወደ ደሎ መና ቁልቁል አንወርድም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው አባል ካለ ከአንድ ባልደረባ ጋር ወዲያው ወደ ጎባ ይመለሳል። የቀሩት ሁለት ቀኖች የመመለሻ ናቸው።

ሰልፉን በተመለከተ፣ በጣም ቀስ ብሎ የሚነዳው አባል ከመሪው ቀጥሎ ይሆናል፤ የቴክኒክ ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይነዳል። ማንም ማንንም አይቀድምም። ከመነሳታችን ሁለት ቀን በፊት በዶዶላና በሮቤ ካሉ ወዳጆቻችን ስለ መንገዱ ጸጥታ እንጠይቃለን፤ መልሱ ካላረካን ጉዞውን ለሌላ ቀን እናስተላልፋለን።

አንዲት አባል፦

እደግፋለሁ። ወፍራም ጓንት፣ ከላይ የሚደረብ የዝናብ ልብስና ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ግዴታ ተብለው ይጻፉ፤ በምክር መልክ ከተጻፉ የሚተዋቸው ይኖራል።

የቴክኒክ ኃላፊ፦

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ባለው እሑድ ሞተሮቹን በሙሉ በማኅበሩ ግቢ እፈትሻለሁ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና ቦሎ ይዛችሁ ኑ። ጎማው ያለቀበት ሞተር በሳምንቱ ውስጥ ካልተቀየረ በዚህ ጉዞ አይሳተፍም፤ ይህ ለእኔም ሞተር ይሠራል።