ማምብሩይ፦ ከሳባኪ ወንዝ ማዶ ያለው አሸዋና ባህር

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልን። ከደብረ ብርሃን አራት ሆነን፣ ጥምቀት እንዳለፈ ኬንያ፣ ከማሊንዲ በስተሰሜን ወዳለችው ማምብሩይ ልንወርድ ነው። እናታችንም አብረውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባህሩ ይደፈርሳል የሚባለው እውነት ነው? የአሸዋው ኮረብታ ላይ በስንት ሰዓት ይወጣል? ወንዙንስ በእግር መሻገር ይቻላል?

መልስ 1፦
ጊዜውን መርጣችኋል። የሚያደፈርሰው ሳባኪ ነው፤ ከመሀል ኬንያ ደጋ ቀይ አፈር ጠርጎ ይወርዳል። በሚያዝያና ግንቦት ዝናብ፣ በኅዳርም፣ የባህሩ ዳር ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። በጥር ግን ወንዙ ይቀንሳል፤ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስም ደለሉን ወደ ማሊንዲ ይገፋዋል። ማምብሩይ ከወንዙ አፍ በስተሰሜን ስለሆነች ውኃዋ ያን ጊዜ የተሻለ ነው።
ወንዙን በእግር? በፍጹም! ጥልቀት የሌለው ቢመስልም አዞና ጉማሬ አለበት። ከማሊንዲ ባጃጅ ይዛችሁ (እነሱ ቱክቱክ ይሉታል) በድልድዩ ተሻገሩ።

መልስ 2፦
አሸዋው ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ውጡ። ረፋዱ ላይ እግር ያቃጥላል፤ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ አሸዋውን ዓይንና ስልክ ውስጥ ይከተዋል፤ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሉ እንዳልል፣ ስስ ፌስታል ኬንያ ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በጨርቅ ያዙት። ስትወጡ ነፋስ በሚመታው ወገን ይሁን፤ እዚያ አሸዋው ጠጠር ይላል። በሌላው ወገን እየተናደ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።
ለእናታችሁ ግን የሚሻለው ባህሩ ሲሸሽ የሚተወው እርጥብ አሸዋ ነው፤ እንደ አስፋልት ይረገጣል። ውኃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ዝቅ ከሚልበት 1 ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ አመላለሱ ይበረታል፤ ያኔ ሩቅ አትሂዱ።

መልስ 3፦
የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፤ ካርዱን በእጅ ያዙ። የባህሩ ዳር ወባ አለበት፣ የደጋ ሰው ደግሞ አካሉ አልለመደውም፤ መከላከያውን ሐኪም ይዘዝላችሁ። ዶክሲሳይክሊን ካዘዘ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣልና ተሸፈኑ፤ ከተመለሳችሁ በኋላም 4 ሳምንት ይዋጣል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።
መንደሯ የእስልምና ናት፤ ከባህሩ ስትወጡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ አለ፣ ማሃራግዌ ያ ናዚ በሉ። ሰዓት ሲነግሯችሁ ደግሞ አትደናገሩ፦ በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» የሚሉት የእኛው 2 ሰዓት ነው።