በበጋ ሙቀት የኮሌጅ ቡድን የአምስት ቀን የብስክሌት ጉዞ፦ «አቁም» የሚለው ማን ይሁን?

ጥያቄ (የቡድን ተጠሪ)

የኮሌጃችን የብስክሌት ቡድን በመጪው የበጋ ዕረፍት የአምስት ቀን የጋራ ጉዞ ለማድረግ ወስኗል። በቀን ከ90 እስከ 110 ኪሎ ሜትር የምንነዳ ሲሆን አንዲት አጃቢ መኪና ከኋላ ትከተለናለች። ከሃያው አባላት ገሚሱ ዓመቱን ሙሉ የሚወዳደሩ ናቸው፤ የቀሩት ግን ዘንድሮ የተቀላቀሉና ረጅም ርቀት በተከታታይ ቀናት ነድተው የማያውቁ ናቸው። የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚያልፍ እንጠብቃለን።

መንገዱም ማደሪያውም ተዘጋጅቷል። የሚያሳስበኝ፣ በቡድን መካከል «ደከመኝ» ማለት እንደ ነውር ስለሚቆጠር ሙቀት የጎዳው ሰው «ደህና ነኝ» እያለ ሊቀጥል መቻሉ ነው። አቅማቸው የተለያየ ነጂዎችን አንድ ላይ እንዴት መምራት እንደሚቻል፣ ምን ያህል መጠጣት እንደሚገባና አንድ ሰው እንዲያቆም የመወሰን ሥልጣን የማን መሆን እንዳለበት ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ (የቀድሞ አሠልጣኝ)

በቅድሚያ ሊታሰብባቸው የሚገቡት ከጉዞው በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከ7 እስከ 14 ቀን ድረስ በየዕለቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ቀጥሎም ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣውም ጨው ይቀንሳል። ዘወትር በማለዳው ቅዝቃዜ ብቻ የሚለማመድ ቡድን ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢዳብር ለቀትር ፀሐይ እንግዳ ነው።

ሙቀቱ የሚመጣው ከሰማይ ብቻ እንዳልሆነም ለአባላቱ ሊነገራቸው ይገባል። ነጂው ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ቢበዛ ከአራት አንድ እጅ ያህል ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። 200 ዋት የሚገፋ ሰው 600 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው። ይህን ሙቀት የሚያወጣለት ላቡን የሚያደርቀው ነፋስ ስለሆነ፣ በሜዳው ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ያልተሰማው ግለት ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ 10 ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይጫነዋል፤ ነፋሱ ከጀርባ የሚመጣ ከሆነማ ጨርሶ አየር ያጣል። አዲሶቹ አባላት ጠንካሮቹን ላለማጣት ከአቅማቸው በላይ የሚገፉትም እዚያው ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ዳገት ሲጀመር ሰልፉ ይፍረስ፤ ሁሉም በየአቅሙ ወጥቶ ጥላ ባለበት ቦታ ይገናኝ። ቀድመው የወጡት ዐርፈው ስለጨረሱ ብቻ የመጨረሻው ሰው ገና ከብስክሌቱ ሳይወርድ «እንሂድ» የሚሉበት ልማድ በብዙ ቡድኖች አለ፤ እኔ ከሁሉም የምጠላው እሱን ነው። የዕረፍቱ ሰዓት የሚቆጠረው መጨረሻ የደረሰው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ይሁን።

ሃያ ሰው በአንድ ሰልፍ ለመምራትም ለትራፊክም አስቸጋሪ ስለሆነ በሦስት ክፈሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ልምድ ያለው ሰው ከፊት፣ አንድ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይሁን። የመነሻው ሰዓት ብርሃን እንደታየ ቢሆን አብዛኛው መንገድ ከቀትር በፊት ያልቃል። አየሩ ከሁሉ የሚግለው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሳይሆን ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ «ቀትር አለፈ» ብሎ ከሰዓት በኋላ መነሳት አያዋጣም።

ምላሽ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ብስክሌት ነጂም ነኝ)

አሠልጣኙ ባሉት እስማማለሁ፤ ስለ መጠጡ ልጨምር። በልምምድ ጊዜ እያንዳንዱ አባል ከመነሳቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ላቡን አድርቆ ይመዘን። የጎደለው አንድ ኪሎ ግራም አንድ ሊትር ፈሳሽ ያህል ስለሆነ፣ በመንገድ የጠጣው ሲደመርበት በሰዓት ምን ያህል እንደሚያልበው ይታወቃል። መጠኑ ከሰው ሰው ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ሊለያይ ስለሚችል ለሁሉም አንድ ልክ ማወጅ ትርጉም የለውም። ግቡ ክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.4 ኪሎ ይሆናል።

ክብደቱ ጨምሮ የሚመለስ ሰው ካለ ደግሞ ከልክ በላይ ጠጥቷል። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (በጨው ውስጥ የሚገኝ ማዕድን) ከ135 ሚሊሞል በሊትር በታች ሲወርድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ይከተላል፤ ምልክቱ የውሃ ጥም ካደከመው ሰው ጋር ስለሚመሳሰል ጓደኞቹ ተጨማሪ ውሃ ሲግቱት ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥሉት ይችላሉ። ስለዚህ ከውሃው ጎን ጨው ያለው ምግብና መጠጥ በየማረፊያው ይኑር።

ከሁሉም የሚከፋው ሂት ስትሮክ፣ ማለትም ሰውነት ከልክ በላይ ግሎ አእምሮን የሚያውክበት የሙቀት ሕመም ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያለፈ ሰው ንግግሩ ይንተባተባል፣ ያለምክንያት ይቆጣል፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ያቅተዋል፤ እሱ ራሱ ግን ይህን አያውቀውም። ላቡ እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ በጉልበት ሥራ የሚመጣው ዓይነት ላብ እያጠመቀው ሊጥለው ይችላል። በግንባር ወይም በብብት የሚለካ ቴርሞሜትር ዝቅ ያለ ቁጥር ስላሳየም አትዘናጉ፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚታመነው በፊንጢጣ የሚለካው ብቻ ነው። አምቡላንስ እየተጠራ ማቀዝቀዙ በዚያው ቦታ ይጀመር፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱ የወረደለት ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ወደ ሆስፒታል እየተጓዘ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ግን ለከባድ ጉዳት ይጋለጣል።

ምላሽ (የአጃቢ መኪና ሹፌር)

ነርሷ ያሉትን ማቀዝቀዣ ለማዘጋጀት ገንዳ አያስፈልግም። ውሃ የማያሳልፍ ሰፊ ሸራ በመኪናዋ ላይ ይጫን። ሕመምተኛው መሐሉ ላይ ሲተኛ አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠርዙን ከፍ አድርገው ይይዙና ውሃና በረዶ ተሞልቶበት፣ ራሱ ከውሃው በላይ እንደሆነ ሸራውን ያወዛውዙታል። ከመነሻው ዕለት በፊት አንድ ጊዜ ተለማመዱት፤ በደነገጠ ሰው እጅ ሸራ ይንሸራተታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ «አቁም» የማለት ሥልጣን ለሁለት ሰዎች ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ አንዱ ከኋላ የሚነዳው፣ ሌላው የመኪናዋ ሹፌር። ከሁለቱ አንዱ «ግባ» ካለ ክርክር እንደሌለ ከጉዞው በፊት በሁሉም ፊት ይነገር። የቡድኑ መሪ ከፊት ስለሆነ የሚታየው መንገዱ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለው ግን ሰልፉን መያዝ ያቃተውን፣ ትከሻው የወደቀውንና የሚወላገደውን ያያል።

በየማረፊያው ኮዳዎቹን የምሰበስበው እኔው ራሴ ነኝ፤ ምክንያቱም ኮዳው ይናገራል። ጧት የተሞላለትን ሳያጎድል ያመጣ፣ በጥቁር ማሊያው ላይ የጨው ነጭ ክብ ያወጣ፣ ብስኩት ሲሰጡት «አልፈልግም» ያለ ሰው ካየሁ ሌላ አልጠይቅም፤ «ቀጣዩ ማረፊያ የት ነው?» ብቻ እለዋለሁ። ለመመለስ ከዘገየ ብስክሌቱ ወደ መኪናው ይጫናል።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሥልጣኑን ለኋለኛው ነጂና ለሹፌሩ መስጠቱን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዳንድ አባላት ጉልበታቸውን ሲያማቸው ማታ ማታ አይቡፕሮፌን ይወስዳሉ። አንድ ልጅ ደግሞ ትኩረቱን ለመሰብሰብ በሐኪም የታዘዘለት አነቃቂ መድኃኒት አለው። ይህ ከሙቀቱ ጋር ይጋጫል?

ምላሽ (ነርሷ)

ሁለቱም ይመለከታቸዋል። አይቡፕሮፌን ፈሳሽ በጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በጉዞው ቀናት ባይወሰድ ይመረጣል፤ ጉልበት የሚያምበት ዋና ምክንያት የኮርቻው ቁመት ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ እሱ ይታይ። አነቃቂ መድኃኒት የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የድካም ስሜትንም ይሸፍናል፤ ነገር ግን ልጁ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፣ መድኃኒቱን ያዘዘለትን ሐኪም ከመነሳቱ በፊት ያማክር። የኋለኛው ነጂና ሹፌሩ ይህን በሚስጥር እንዲያውቁት ልጁን አስፈቅዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀቱ ከቀን ወደ ቀን ይጠራቀማል፤ ትናንት ሙቀት ያደከመው ሰው ዛሬ በቀላሉ ይጎዳል። ማታ በመንገድ ላይ ከጎደለው ክብደት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ፈሳሽ ቀስ በቀስ ጠጥቶ፣ በልቶና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተኝቶ ይደር። ጧት ላይ ሽንቱ የጠቆረ፣ ክብደቱ ያልተመለሰ፣ ሌሊቱን ያተኮሰው ወይም ተቅማጥ የያዘው ካለ የዚያን ዕለት መንገድ በመኪና ይጨርስ።

ምላሽ (የአጃቢ መኪና ሹፌር)

ለዚሁ ሲባል በመኪናዋ ውስጥ ሁለት ወንበርና ሁለት የብስክሌት ማሰሪያ ባዶ ይተውላችሁ። ሻንጣ ከሞላባት ሹፌሩም «ግባ» ለማለት ያመነታል።