አጭር ሞላ ሾክ ይገድላል ወይስ ስሙ ነው የጠፋው?

ጠያቂው፦ መኪናዬን 30 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ ልገጥም ነው። ሾኩ የፋብሪካው ነው፤ አያፈስም፣ አይንኳኳም። ግማሹ ሰው «ሾክህን ትጨርሰዋለህ» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ «ሾክ ሊሸጡልህ ነው የሚያስፈራሩህ» ይላል። ማንን ልስማ?

ዝቅታ ወዳጁ፦ አትስማቸው ባክህ። ሾክ ዝቅ አደረግከውም ተውከውም ያልቃል። አጭር ሞላ ጠንከር ያለ ስለሆነ መኪናው ብዙ አይወዛወዝም፣ የሾኩ ዘንግም (ወደ አካሉ የሚገባ የሚወጣው ብረት) የሚመላለስበት ርቀት ያጥራል። ትንሽ የተመላለሰ ነገር በምን ሒሳብ ቶሎ ያልቃል?

መካኒኩ፦ ሒሳቡ ርቀቱ ላይ ብቻ አይደለማ። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾክ ሥራ የሞላውን ንጥረት ማብረድ ነው፣ ዘይቱን በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ጠንካራ ሞላ ተጨምቆ ሲመለስ በኃይል ነው የሚገፋው። ለለስላሳ ሞላ የተሠራ ሾክ ያንን መመለስ በደንብ አይዘውም። ጉብታ ካለፍክ በኋላ አንዴ ተቀምጦ ዝም ማለት ሲገባው ደግሞ ደጋግሞ ይነጥራል።

ሌላም አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ ዘንጉ ወደ ውስጥ የሚገባበት 80 ሚሊሜትር ነበረህ እንበል። 30ውን ገና ሳትነሳ በላኸው። ከቀረው 50 ላይ ደግሞ ማቆሚያ ጎማዋ፣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ሲገባ ምቱን የምትቀበለው ትንሿ ላስቲክ፣ የራሷን ትወስዳለች። እሷን በየጉድጓዱ ስትደበድባት ትፈረካከሳለች፣ እሷ ካለቀች በኋላ የሚመታው ሾኩ ራሱ ነው።

ዝቅታ ወዳጁ፦ እሺ፣ ታዲያ ሞላ አምራቾቹ ራሳቸው «ከፋብሪካው ሾክ ጋር ይሄዳል» ብለው ለምን ይሸጣሉ?

መካኒኩ፦ ለትንሽ ዝቅታ ይሄዳላ! አንዳንዱም አጠር ያለ ማቆሚያ ጎማ አብሮ ይሰጥሃል፣ ወይም የነበረውን ይህን ያህል ቁረጥ ይልሃል። ሰው መመሪያውን ወርውሮ ሞላውን ብቻ ይገጥምና በኋላ ሞላውን ይረግማል።

የምህንድስና ተማሪዋ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር የሾኩ ዕድሜ ነው። በሠራ ሾክ ላይ የዘንጉን የላይኛውን ክፍል ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜውን ውጭ ስለሚያሳልፍ አቧራና ጠጠር ነክቶታል፣ አንዳንዴ ነጠብጣብ ዝገት ይዟል። መኪናው ዝቅ ሲል ያ ክፍል በኦይል ሲሉ፣ ዘይቱ እንዳይወጣ በሚዘጋው ላስቲክ፣ ውስጥ መመላለስ ይጀምራል፣ ሻካራው ብረትም የሲሉን ከንፈር ይፍቀዋል። ትናንት ደረቅ የነበረ ሾክ ሞላ በተቀየረ ማግስት ዘይት ሲያለቅስ ሞላው ብቻ የሚወቀሰው ለዚህ ነው። አዲስ ሾክ ላይ ይሄ ጣጣ የለም።

አላፊ አግዳሚው፦ ሞላውን በግራይንደር አንድ ዙር ቆርጦ መገላገልስ? በነፃ።

መካኒኩ፦ ኧረ ተው! ዙር በቀነስክ ቁጥር የቀረው ሞላ ይጠነክራል፣ ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ሞላው ላልቶ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ሞላውን በእሳት አሙቆ ዝቅ የሚያደርግም አለ፣ እሱ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ነው የሚያጠፋው። ስለዚህኛው አልከራከርም።

ዝቅታ ወዳጁ፦ በመቁረጡ እስማማለሁ። 50 እና ከዚያ በላይ ለሚያወርድም አጭር አካል ያለው ሾክ ይግዛ። ግን 30 ላይ፣ ለስላሳ መንገድ ለሚነዳ ሰው፣ ደህና ሾክ አውልቆ መጣል ለእኔ ብክነት ነው።

የምህንድስና ተማሪዋ፦ ከመገመት መለካት ይሻላል። ሞላው ከተገጠመ በኋላ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ ጠበቅ አድርገህ እሰርና ሾኩ አካል ድረስ አውርደው። እንደ ወትሮህ ንዳ። ማሰሪያው ወደ ላይ ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ዘንጉ ምን ያህል እንደገባ ያሳይሃል። በተራ መንዳት ማቆሚያው ጎማ ጋ ከደረሰ ያ ሾክ ለዚያ ሞላ አይሆንም።

ጠያቂው፦ መጀመሪያ ዘንጉን አያለሁ። ዝገት ካለው ሞላና ሾክ አብሬ እቀይራለሁ፣ ንጹሕ ከሆነ በማሰሪያው ሞክሬ እነግራችኋለሁ።

መካኒኩ፦ ከቀየርክ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) እንዳትረሳ፣ አለበለዚያ ጎማህ ከሾኩ ቀድሞ ያልቃል።