ቀኝ እግሬ ይደነዝዛል ጉልበቴንም ያመኛል፣ ባይክ ፊቲንግ መፍትሄ ይሆነኛል? (ሐዋሳ)

አቶቴ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋ በቀጭን ጎማ ሳይክል እንወጣለን፣ ወይ በጥቁር ውሃ አድርገን ሻሸመኔ ደርሰን እንመለሳለን ወይ በቱላ በኩል ወደ ይርጋለም። ሳይክሉን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ጫማውም ቁጥሬ ስለሆነ ከነክሊቱ (ጫማውን ፔዳሉ ላይ የሚቆልፈው ፕላስቲክ) አብሮ ተሰጠኝ።

ችግሬ ቀኝ እግሬ ነው። ቱላን አለፍ ስንል ውስጥ እግሬ፣ ከጣቶቼ ኋላ ያለው ቦታ ማለቴ ነው፣ ማቃጠል ይጀምራል ከዛ ጣቶቼ ድንዝዝ ይላሉ፣ ቆሜ ጫማውን ሳወልቅ ይለቀኛል። ጉልበቴን ደግሞ በውስጥ በኩል ከሎሚው ጎን ነው ሚያመኝ፣ ማታ ደረጃ ስወርድ ይብስብኛል። ግራው ምንም የለውም።

በቅርቡ ለሥራ ዱባይ እሄዳለሁ፣ እዛ ሳይክሉን ከሰውነትህ ጋ ለክተው የሚያስተካክሉ የባይክ ፊቲንግ ባለሙያዎች አሉ አሉኝ። ለዚህ ችግር ብር ማውጣቱ ያዋጣል ወይስ እዚሁ መፍትሄ አለው? ከሄድኩስ ሳይክሉን በፕሌን ጭኜ ልሂድ ወይስ ጫማና ፔዳል ይበቃል? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ሳይክል መተው አልፈልግም።

ታቦር ስር
ወንድሜ እግዜር ይማርህ። የሚያምህ ቦታ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። ጉልበት ከፊት ሎሚው ላይ ካመመ አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይ ወደፊት ተጠግቷል፣ ጉልበትህ በጣም ታጥፎ ስትገፋ ሎሚው ከስሩ ያለውን አጥንት ይጫናል። ከኋላ ቋንጃው ጋ ከሆነ ደግሞ ኮርቻው ከፍ ብሎ እግርህ ከመጠን በላይ እየተዘረጋ ነው። በጎን በኩል ከሆነ ግን እንዳንተ፣ መጀመሪያ ኮርቻውን ተወውና ወደ ጫማው ውረድ። ጫማህ ፔዳሉ ላይ ከተቆለፈ በኋላ እግርህ ትንሽ መዞር ፈልጎ ካልቻለ ጣጣው ጉልበት ላይ ነው ሚያርፈው፣ ዳሌም ቁርጭምጭሚትም ወደፈለጉበት ይዞራሉ ጉልበት ግን እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ መታጠፍና መዘርጋት እንጂ መጠምዘዝ አይችልበትም።

ክሊቱ ምን ቀለም ነው? ገልብጠህ እየውና ጻፍልን።

አቶቴ ልጅ
አሁን አየሁት፣ ጫፉ ቀይ ነው።

ከአዳማ
ቀይ ከሆነማ ከክሊቱ አይደለም። ቀይ በጣም የሚያንቀሳቅሰው ነው፣ 9 ዲግሪ ይዞራል፣ የኔም ቀይ ነው ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ኮርቻህን እየው።

ሳይክል ሠሪው
ኧረ ይሄ ነገር እንዳያሳስት! እንደ ፔዳሉ ነው። ሉክ የሚባለው ኩባንያ ኬዮ ክሊት ከሆነ ወንድማችን ልክ ነው፣ ጥቁር 0 ግራጫ 4.5 ቀይ 9 ዲግሪ ነው። የሺማኖ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ቀይ 0 ሰማያዊ 2 ቢጫ 6። ማለት ሺማኖ ላይ ቀዩ ምንም አያንቀሳቅስም፣ ሙሉ በሙሉ የተቆለፈ ነው፣ እሱን የሚያስሩት ቦታቸውን በሚሊ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ያገለገለ ጫማ ከሆነ ደግሞ ክሊቱ የታሰረው ለድሮው ባለቤት እግር ነው፣ ላንተ አይደለም። ፔዳልህ ላይ ምን ተጽፏል?

አቶቴ ልጅ
ሺማኖ ይላል 😳

ሳይክል ሠሪው
እንግዲያው ብር ከማውጣትህ በፊት እሱን ቀይረው፣ ቢጫውን ፈልግ። የድሮውን ከመፍታትህ በፊት ግን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ጫማው ላይ አስምር፣ የት እንደነበር ካላወቅክ ኋላ ምን እንደቀየርክ አታውቅም። አዲሱን ስታስር ለማቃጠሉና ለመደንዘዙ ወደ ተረከዝህ ጥቂት ሚሊ ሳበው። ከአውራ ጣትህና ከትንሿ ጣትህ ኋላ ጎልተው የሚወጡት ሁለቱ አጥንቶች አሉ አይደል፣ ጫማውን አድርገህ በጣትህ ዳስሰህ አግኛቸውና ጫማው ጎን ላይ ምልክት አድርግ፣ የፔዳሉ አክስል (ፔዳሉ የሚዞርበት መሃሉ ያለው ብረት) በሁለቱ መሃል እንዲውል ነው ምትፈልገው። የብዙ ሰው ክሊት ከዛ ወደ ጣት አልፎ ነው የሚታሰረው፣ ያኔ ጭነቱ በሙሉ ጠባብ ቦታ ላይ ይሆንና ነርቩ ይጨነቃል። ወደኋላ ከሳብከው ኮርቻህ ትንሽ ከፍ ያለ መስሎ ይሰማሃል፣ እሱንም ሁለት ሦስት ሚሊ ታወርደዋለህ።

አቅጣጫውን ለማወቅ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ በልና እግርህን አንጠልጥል፣ ጣትህ በራሱ ወዴት እንደሚያይ እየው። ቀኝህ ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ ክሊቱም እንደዛ ይታሰር፣ ቀጥ አድርጌ ላስተካክለው ብለህ አታስገድደው።

ሌላው ደግሞ ያገለገለ ሳይክል ስለሆነ የቀኝ ፔዳሉን አክስል በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረው፣ የሚንገዋለል ከሆነ ወድቆ ታጥፏል ማለት ነው፣ እሱ ብቻውን ጉልበት ያሳምማል። እንደዚህ ያለ ሳይክል በየጊዜው ይመጣልኛል፣ ባለቤቱ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከርሞ።

ፊዚዮቴራፒስቷ
የተባለው ጥሩ ነው፣ እኔ ስለ እግሩ ልጨምር። በመጀመሪያ ጉልበትህ የሚያብጥ ከሆነ፣ ታጥፎ የሚቆለፍብህ፣ ስትቆም የሚከዳህ፣ ወይ ተኝተህም ሌሊት የሚያምህ ከሆነ ፊቲንግ ሳይሆን መጀመሪያ አጥንት ሐኪም ጋ ነው የምትሄደው። እነዚህ ከሌሉ አትፍራ።

ቤትህ እንዲህ አድርግ። ውስጥ እግርህን አርጥበህ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ርገጥና ዞር ብለህ አሻራውን እየው፣ ሁለቱንም እግር ለየብቻ። መሃል ላይ በውስጥ በኩል ጎደል ያለ ቅርጽ ካለ ጥሩ ነው፣ ቀኙ ሞልቶ እንደ ጡብ ከወጣ ግን እግርህ ጠፍጣፋ ነው ወይ ስትጫነው ይወድቃል። እግር ወደ ውስጥ ሲወድቅ ቅልጥም አብሮ ይዞራል ጉልበትም ወደ ሳይክሉ አግዳሚ ብረት ይጠጋል፣ ያንተ ዓይነት ሕመም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። የጫማው ውስጥ ያለው ሶል ደግሞ ብዙ ጊዜ ስስ ስፖንጅ ነው ድጋፍ የለውም፣ መሃሉን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ጠንከር ያለ ሶል ይቀየርለት።

ሁለተኛ መስታወት ፊት በቀኝ እግርህ ብቻ ቆመህ ጉልበትህን እያጠፍክ ቀስ ብለህ ዝቅ በል። ጉልበትህ ወደ ውስጥ የሚሸሽ ከሆነ የዳሌህ ጡንቻ ደክሟል፣ እሱን ፊቲንግ አያስተካክለውም፣ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳትና የመሳሰለውን እንቅስቃሴ በሳምንት ደጋግመህ መሥራት አለብህ። ወንዶች ይሄን ሲሰሙ አይወዱም ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ጫማውም ራሱ ይጠብህ ይሆናል፣ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ስፋቱ ላይሆን ይችላል። እግር በሙቀትና በረጅም ጉዞ ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነው 4 ሰዓት ላይ ይጠባል። ከፊት ያለውን ማሰሪያ ላላ አድርገህ ከላይኛው ብቻ ያዘው፣ ጫማ ስትገዛም ማታ ነው መለካት ያለብህ።

የድሮ ጋላቢ
ልጄ፣ እኛ በፊኒክስ ሳይክል ነው ያደግነው ማንም ለክቶን አያውቅም፣ ግን ልለካ ስላልክ አልቃወምህም። እኔ የምልህ ማርሽህን ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ልጆቹን አያቸዋለሁ፣ በትልቁ ጥርስ ትግል ይገጥማሉ፣ እግራቸው በቀስታ ነው ሚዞረው እያንዳንዱ ግፊት በጉልበት ነው። ቀለል አድርገህ ፈጠን ብለህ አዙር። በደቂቃ 80 እስከ 90 ዙር ያህል ይሁን፣ አንዱን እግርህን በ15 ሴኮንድ ቁጠር ከ20 በታች ከሆነ ማርሹ ከብዷል። የታመመ ጉልበት ይዘህ ደግሞ ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስተህ አትግፋ።

አቶቴ ልጅ
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እውነትም በትልቁ ጥርስ ነበር ምሄደው። እህቴ አሻራውን አየሁት፣ ቀኙ ከግራው ሞላ ይላል። የኮርቻውን ከፍታስ በምን ልወቅ?

ታቦር ስር
ቤትህ ውስጥ የግንበኛ ውሃ ልክ ካለ በቂ ነው። ጫማህን አውልቀህ ጀርባህን ግድግዳ ላይ አስደግፍ፣ ውሃ ልክን በጭኖችህ መሃል አስገብተህ ኮርቻ ላይ የተቀመጥክ እስኪመስልህ ወደላይ ጫን አድርግ፣ አረፋዋ መሃል ስትሆን ሰው ከወለሉ ይለካልህ። ያገኘኸውን በ0.883 አባዛው። ለምሳሌ 82 ሳንቲ ከሆነ 72.4 ይመጣል፣ እሱ ከፔዳል ማዞሪያው መሃል እስከ ኮርቻው አናት ነው፣ በቋሚው ብረት አቅጣጫ። መነሻ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም፣ የጫማው ሶል ውፍረት ይለያያል የሰውም ጅማት ይለያያል።

ከዛ ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፈህ ተቀመጥና ጓደኛህ ከጎን ፎቶ ያንሳህ፣ ስልኩ በጉልበትህ ልክ ይሁን። ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ መቅረት አለበት። እየጋለብክ በቪዲዮ ካየኸው ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፣ አይግረምህ። ኮርቻው ወደፊት ወደኋላ የሚሄደውን ደግሞ በቱምቢ ታየዋለህ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከወለሉ ጋ ሲተኙ ከፊተኛው እግር ሎሚ ስር ያለችው ጉብታ ላይ ክሩን ስትይዘው ቱምቢው የፔዳሉ አክስል አካባቢ ይወርዳል።

በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይር! ክሊትም ኮርቻም ሶልም በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንደጠቀመህ አታውቀውም።

ዱባይ ነዋሪ
እኔ ዱባይ ነኝ፣ አል ቁድራ ነው ምጋልበው፣ በጉልበት ምክንያት ፊቲንግ ተሠርቶልኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ሳይክል ላይ ከመውጣትህ በፊት ብዙ ጥያቄ ይጠይቁሃል፣ የድሮ ጉዳት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትጋልብ፣ የት እንደሚያምህ። ከዛ አልጋ ላይ አስተኝተው የጅማትህን መሳሳብ የእግርህን እኩልነት ያያሉ፣ ከዛ ነው ቁርጭምጭሚት ጉልበት ዳሌ ላይ ምልክት ለጥፈው እየጋለብክ በካሜራ የሚያዩህ። የኔ አንዱ እግር ካንዱ አጠር ብሎ ተገኘ፣ ከክሊቱ ስር ስስ ማስነሻ አስገቡለት። ሰው ይሄን ብቻውን ቤቱ ማወቁ ከባድ ነው፣ የሚከፈለውም ለዚህ ዓይን ነው። ያንተም ሕመም አንድ እግር ላይ ብቻ መሆኑ፣ ኮርቻ ላይ ወደ ቀኝ ዘመም ብለህ ተቀምጠህ ሊሆንም ይችላል፣ እሱንም አሳያቸው።

እግርህን ሳያይ በቀጥታ ኮርቻ ማንሳትና ማውረድ የሚጀምር ባለሙያ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ። ውድ ማሽን መኖሩም ብቻውን ምንም አይደለም።

ሳይክሉን ስለማምጣት፣ ብትችል የራስህ ሳይክል ይሻላል ግን ግድ አይደለም። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚስተካከል የመለኪያ ሳይክል ያላቸው ቤቶች አሉ፣ ቀድመህ ደውለህ አረጋግጥ። ጫማህን፣ ፔዳልህን፣ ኮርቻህንና ቁምጣህን ይዘህ ና። አሁን ሳይክልህ ያለበትን ልክ ደግሞ በሜትር ለክተህ ጻፍ፣ የኮርቻ ከፍታ፣ ከኮርቻ ጫፍ እስከ መሪ፣ መሪው ከኮርቻው ስንት ሳንቲ እንደሚወርድ፣ የፔዳል ማዞሪያው ርዝመት (170 ወይ 172.5 ተብሎ ውስጡ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ)። የፍሬሙን ስምና ቁጥርም ያዝ፣ የሚሰጡህ ልክ ያንተ ሳይክል ላይ የማይደርስ ከሆነ ምን ዋጋ አለው። ሲጨርሱ ሁሉንም በወረቀት እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ ሐዋሳ ስትመለስ ሳይክል ሠሪው እሱን አይቶ ያስርልሃል።

አቶቴ ልጅ
ቤተሰብ የደረሰኝን ልንገራችሁ። ቢጫውን ክሊት አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አመጣልኝ፣ ሳይክል ሠሪው እንዳለው አስምሬ ወደኋላ ስቤ አሰርኩት። ማቃጠሉ በጣም ቀንሷል፣ ባለፈው ይርጋለም ደርሰን ስንመለስ ጫማ ማውለቅ አላስፈለገኝም። ጉልበቴ ግን ቀለለኝ እንጂ አልጠፋም፣ ዳገት ስንወጣ አሁንም ይሰማኛል። መስታወት ፊትም ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ እንቅስቃሴውን ጀምሬያለሁ። ስለዚህ ፊቲንጉን ልሠራ ወስኛለሁ፣ ሳይክሉ ግን እዚሁ ይቀራል። ፔዳሉን ልፈታ ስል ግን የግራው እምቢ አለኝ፣ እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ
ጥሩ ነው። እንቅስቃሴውን ጉዞ ላይም አታቋርጥ፣ ባለሙያውም ሲያይህ የግራና የቀኙን ልዩነት ንገረው።

ሳይክል ሠሪው
አታስገድደው! የግራ ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ ነው፣ እንደ ሌላ ብሎን ስትፈታው እያጠበቅከው ነው። መፍቻውን ወደላይ አቁመህ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ጎማ ሳበው፣ ሁለቱም እንደዛ ነው ሚፈቱት። ፔዳሉ እንደሚፈልገው 15 ቁጥር መፍቻ ወይ 8 ቁጥር አለን ቁልፍ ነው። ከደረቀ ዘይት ጠብ አድርገህ አሳድረው። ካልሆነም ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሳይክሉን ይዘኸው ና፣ ፔዳሉን ፈትተን ልኮቹንም አብረን እንጽፋቸዋለን፣ የኮርቻው ቱቦ ላይም አሁን ያለበትን በፕላስተር ምልክት አደርግልሃለሁ።